ቤንዚኑ ከበር ወደ ውስጥ ሲገባ፦ ስለ ቀጥታ ኢንጀክሽን ሞተር አዳማ ላይ የተደረገ ንግግር

ይህ ጽሑፍ አዳማ ውስጥ ለጋራዥ ባለሙያዎች፣ ለሹፌሮችና ለአውቶ መካኒክ ተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ከአዳራሹ ከተነሱት ጥያቄዎችም ጥቂቶቹን መጨረሻው ላይ አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ በዚህ ሙቀት፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ጋራዥ ላለው ሰው ቅዳሜ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ትንሽ የቦታ ለውጥ ነው። ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር ከነበረበት ቦታ ጥቂት ሴንቲሜትር ተነስቶ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ገባ። ቀጥታ ኢንጀክሽን የሚባለው ይኸው ነው። በእነዚያ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ምክንያት ግን ሞተሩ ሌላ ሞተር ሆነ። ጉልበቱ፣ የሚጠጣው ቤንዚን፣ ድምፁ፣ የሚታመመው ሕመም፣ ሁሉም ተለወጠ። የእኛ የመካኒኮቹ እጅ ግን አልተለወጠም። ዛሬም በድሮው ልማድ ነው የምንፈታው። የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ስለዚህ አሁን በከተማችን የሚዞሩት የቤንዚን መኪኖች ከእኛው ጋር የሚያረጁ ናቸው። ሲበላሹ በአዲስ አንለውጣቸውም። ማወቅና ማቆየት አለብን።

ከዲኤክስ እንጀምር

ዲኤክስን፣ ያቺን የድሮ ቶዮታ ኮሮላ፣ የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን ሥራ የለመድነው እሷ ላይ ነው። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው። እሱ ውስጥ አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ ቤንዚኑ ከቀጭኗ ቀዳዳ ተስቦ ይወጣል። ኮምፒውተር የለም፣ ሴንሰር የለም። በአንድ ጠመንጃ መፍቻ ሚኒሞዋን (ነዳጅ ሳትሰጧት የምትዞረውን ዙር) ታስተካክላላችሁ፣ አለቀ።

ችግሩ ካርቡሬተር አየሩን አይመዝንም። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ካርቡሬተሯ ግን ይሄን አታውቅም፤ የለመደችውን ያህል ቤንዚን ትሰጣለች። ስለዚህ እዚህ የተስተካከለችው መኪና ሸገር ስትደርስ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላዋ ይጠቁራል።

ኋላ ኢንጀክተር መጣ። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ዲዛየር፣ በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው የሚሠሩት። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ የሚመጥነውን ቤንዚን ያዛል። ኢንጀክተሩ የተተከለው አየር በሚገባበት ቱቦ መጨረሻ ላይ፣ ከማስገቢያ ቫልቩ ጀርባ ነው። ቤንዚኑ ትኩሱ ቫልቭ ላይ ያርፋል፣ ይተናል፣ ቫልቩ ሲከፈት ከአየሩ ጋር ተያይዞ ይገባል። በር ላይ ቆሞ በሩ እስኪከፈት እንደሚጠብቅ እንግዳ ማለት ነው።

ቀጥታ ኢንጀክሽን ላይ በር ላይ የሚጠብቅ ቤንዚን የለም። በማስገቢያ ቫልቩ በኩል የሚያልፈው አየር ብቻ ነው። ቤንዚኑ በራሱ መንገድ፣ አፉ ሲሊንደሩ ውስጥ በሆነ ኢንጀክተር፣ እሳቱ ከሚነድበት ቦታ ላይ ይረጫል። ናፍጣ መኪና ላይ የሠራችሁ ሰዎች ይሄ አዲስ አይሆንባችሁም። ልዩነቱ እዚህ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ መሆኑ ነው።

አምስት ሚሊሰከንድ

እስቲ አብረን እናስላ። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር እየዞረ ነው እንበል። በሰከንድ 100 ዙር ነው። አንድ ዙር 10 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ፒስተኑ አየር የሚስበው ወደ ታች ሲወርድ ነው፤ እሱ ግማሽ ዙር ነው፣ 5 ሚሊሰከንድ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ እንኳ ቢያንስ 100 ሚሊሰከንድ ያልፋል።

በር ላይ ያለው ኢንጀክተር ይሄ አያስጨንቀውም። ቫልቩ ተዘግቶም ቢሆን መርጨት ይችላል። ሞተሩ ከአንዱ አየር መሳብ እስከ ሌላው ሁለት ዙር ስለሚዞር፣ የሁለቱን ዙር 20 ሚሊሰከንድ ሊጠቀምበት ይችላል። ውስጥ የገባው ግን ሙሉ ጉልበት ሲፈለግ ያለችው ያቺ 5 ሚሊሰከንድ ነች። በዚያች ጊዜ መርጨት አለበት። የተረጨው ቤንዚን ደግሞ ተንኖ ከአየሩ ጋር መዋሃድ አለበት። ካንዴላው አይጠብቀውም።

ስለዚህ ብዙ ቤንዚን ባጭር ጊዜ መግፋት ያስፈልጋል። ጠብታውንም ማድቀቅ ያስፈልጋል። ሁለቱንም የሚሰጠው ግፊት ነው። የመኪናችሁ ጎማ ንፋስ 2 ባር ተኩል ገደማ ነው። በር ላይ የሚረጨው ኢንጀክተር ከ3 እስከ 4 ባር ይበቃዋል። ቀጥታ ኢንጀክሽን ግን ሚኒሞ ላይ ራሱ 40፣ 50 ባር ይይዛል። ነዳጅ ስትሰጡት እስከ 200 ባር ይወጣል። አዳዲሶቹ 350 ደርሰዋል።

200 ባር ምን ማለት ነው? የአውራ ጣታችሁን ጥፍር እዩ። አንድ ሴንቲሜትር በአንድ ሴንቲሜትር ነው እንበል። እዚያች ጥፍር ላይ ሁለት ኩንታል ጤፍ ተጭኗል ማለት ነው። በዚህ ግፊት የሚወጣው ጠብታ 20 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። የሰው ፀጉር እንኳ 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ከጠብታ ይልቅ ጉም ነው።

ይሄ ግፊት ከየት ይመጣል? ሳልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ቤንዚኑን በ5 ባር ገደማ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ) ላይ ሁለተኛ ፓምፕ አለ። እሱን የሚገፋው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ ነው። ካምሻፍቱ ላይ ለዚህ ብቻ የተሠራ ባለ ጉብታ ካም አለ። በዞረ ቁጥር የፓምፑን ትንሽ ፒስተን ይመታዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፓምፑ አፍ ላይ ኮምፒውተሩ የሚያዘው ቫልቭ አለ። የፓምፑ ፒስተን ወደ ላይ ሲወጣ ቫልቩ ቶሎ ከተዘጋ ብዙ ቤንዚን ይጨመቃል። ዘግይቶ ከተዘጋ የተሳበው ቤንዚን ወደመጣበት ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ግፊቱን የሚቆጣጠረው በዚህች የመዝጊያ ሰዓት ነው። ሚኒሞ ላይ ከኮፈኑ ስር የምትሰሙት ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከዚህ ፓምፕና ከኢንጀክተሮቹ ነው። ቫልቭ ላላ ብላችሁ ቴስታታ እንዳታወርዱ።

የተጨመቀው ቤንዚን ወፍራም ወደሆነው ቱቦ፣ ወደ ሬይሉ ይሄዳል። አራቱም ኢንጀክተሮች የሚጠጡት ከሬይሉ ነው። ሬይሉ ላይ ግፊቱን የሚለካ ሴንሰር አለ። ይሄን ሴንሰር አትርሱት፣ እመለስበታለሁ።

እጅ ላይ የሚቀዘቅዘው ቤንዚን

ቤንዚን እጃችሁ ላይ ሲፈስ ምን ይሰማችኋል? ይቀዘቅዛል። በአዳማ ሙቀት እንኳ ይቀዘቅዛል። ሁላችንም እጃችንን በቤንዚን ታጥበን ስለምናውቅ ነው የምጠይቃችሁ። (ይሄን ልማድ ብንተወው ለጤናችን ይበጃል።) ቤንዚኑ ሲተን ሙቀቱን ከእጃችን ይወስዳል። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በር ላይ የሚረጨው ቤንዚን ሙቀት የሚወስደው በአብዛኛው ከቫልቩና ከቱቦው ግድግዳ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጨው ግን ከአየሩ ከራሱ ይወስዳል። አየሩ ይበርዳል። የበረደ አየር ሲጨመቅ ቤንዚኑ ካንዴላውን ሳይጠብቅ በራሱ የመንደድ ዕድሉ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሞተሩን የሠሩት ሰዎች አየሩን ይበልጥ ለመጭመቅ ይደፍራሉ። የድሮ ካርቡሬተር ሞተር 9 ለ 1 አካባቢ፣ ማለትም የዘጠኝ እጅ ቦታ አየር ወደ አንድ እጅ ቦታ፣ ይጨምቅ ነበር። ማዝዳ በቀጥታ ኢንጀክሽን 14 ለ 1 የሚጨምቅ የቤንዚን ሞተር ለገበያ አቅርቧል። ይበልጥ የተጨመቀ ድብልቅ ከዚያው ቤንዚን የበለጠ ጉልበት ይሰጣል።

ተርቦ፣ አየር በግድ ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ፣ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ያምርበታል። በተርቦ ሞተር ውስጥ የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ ለአፍታ አብረው ተከፍተው ንጹሕ አየር ሲሊንደሩን ጠርጎ እንዲያልፍ ይደረጋል። በር ላይ የሚረጭ ቢሆን ኖሮ ቤንዚኑም አብሮ በማርሚታ ይወጣ ነበር። እዚህ የሚያልፈው አየር ብቻ ነው። ቤንዚኑ የሚረጨው የማስወጫው ቫልቭ ከተዘጋ በኋላ ነው። 1.4 ሊትር ሞተር ድሮ 2 ሊትር የሚሠራውን ሥራ እንዲሠራ ካስቻሉት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

ለእኛ አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አዳማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ ስድስተኛ ገደማ ያንሳል። አዲስ አበባ ላይ ሩብ ገደማ ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ተርቦው የጎደለውን አየር ይሞላል፣ ቀጥታ ኢንጀክሽኑ ተርቦውን ያግዛል። በፍጥነት መንገዱ ወደ ሞጆና ወደ ቢሾፍቱ ስትወጡ አንዳንድ ትንንሽ መኪኖች እንዴት እንደሚያልፏችሁ አይታችኋል።

አዲስ ነገር አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1925 ዮናስ ሄሰልማን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ እየረጨ በካንዴላ የሚያቀጣጥል ሞተር ሠርቶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች በቀጥታ ኢንጀክሽን ይበሩ ነበር። የእንግሊዞቹ ስፒትፋየር ደግሞ ባለ ካርቡሬተር ነበር። አብራሪው አፍንጫውን ድንገት ወደ ታች ሲደፋ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይንሳፈፋል፣ ሞተሩ ይቆራረጣል። ጀርመኑ ይሄን ስለሚያውቅ ወደ ታች ይወረወርና ያመልጣል።

ቢያትሪስ ሺሊንግ የተባለች እንግሊዛዊት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1941 ለዚህ መላ አመጣች። መሐሏ የተበሳ ትንሽ የብረት ክብ ነች። ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ቤንዚን ትወስናለች፤ አውሮፕላኑ ሲደፋ ሞተሩ በቤንዚን እንዳይሰጥም ታደርጋለች። ሙሉ ፈውስ አልነበረም፣ ግን የብዙ አብራሪዎችን ሕይወት ያዳነ ነገር ነው። ይሄን የምነግራችሁ ታሪኩን ስለምወደው ነው። ደግሞም እዚህ ከፊት ለተቀመጣችሁት ሴት ተማሪዎች ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ቀጥታ ኢንጀክሽን ያላት መርሴዲስ 300 ኤስኤል መጣች። በዚያች መኪና ፓምፑ ሜካኒካል ስለነበር ሞተሩ ጠፍቶ እስኪቆም ድረስ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱ ይቀጥናል። ይሄን ሕመም ያዙልኝ፤ ዛሬም በሌላ መልክ አለ።

በኮምፒውተር የሚታዘዘው ቀጥታ ኢንጀክሽን በብዛት ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 በሚትሱቢሺ ነው። የነሱ ሐሳብ የሚያስደንቅ ነበር። በተለምዶ አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። እነሱ ግን ሞተሩ ሥራ ሲቀልለት እስከ 40 ኪሎ አየር ለአንድ ኪሎ ቤንዚን እናድርግ አሉ። እንዲህ የሳሳ ድብልቅ በተለመደው መንገድ አይቀጣጠልም። እነሱ ግን ቤንዚኑን አየሩ ከተጨመቀ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ረጩትና ካንዴላው አጠገብ ብቻ እንዲሰበሰብ አደረጉ። ምድጃ ስታቀጣጥሉ ጭራሮውን ክብሪቱ የሚጫርበት ቦታ ላይ አይደል የምትሰበስቡት? እንደዚያ ነው።

ግን ከሌላ በኩል ተሸነፉ። አየር ሲተርፍ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ይወጣል። ጭሱን በሚያጸዳው በተለመደው ካታላይዘር ደግሞ የተረፈ አየር ባለበት ይሄን ጋዝ ማጽዳት አይቻልም። ሌላ ዓይነት ውድ ካታላይዘር ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ድኝ የበዛበት ቤንዚን ይገድለዋል። ስለዚህ ዛሬ አብዛኞቹ አምራቾች ወደ 14.7 ተመልሰዋል። ቤንዚኑን አየሩ በሚገባበት ሰዓት ይረጩትና በሲሊንደሩ ውስጥ እኩል እንዲበተን ያደርጉታል።

ምጣዱ እንደሚሟሸው

አሁን ወደ ሕመሙ። አብዛኛው ሕመም ከዚያችው ከቦታዋ ለውጥ ነው የሚመጣው።

በር ላይ የሚረጨው ቤንዚን ሳናውቀው አንድ ውለታ ይውልልን ነበር። የማስገቢያ ቫልቩን ጀርባ ያጥብ ነበር። አሁን የሚያጥበው የለም። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣው የዘይት እንፋሎት ግን እንደ ድሮው በማስገቢያው በኩል ተመልሶ ይገባል። ትኩሱ ቫልቭ ላይ ያርፋል። በላዩ ላይ ይጋገራል።

እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲያሟሹ አይታችኋል። ዘይቱ ትኩሱ ሸክላ ላይ ሲቀባ ጠቁሮ ይያዛል። ያ ለእንጀራ ጥሩ ነው። ለቫልቭ መጥፎ ነው። ዓመት በዓመት ላይ እየተደረበ የአየሩን መንገድ ያጠበዋል። ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሚኒሞው ይዋዥቃል፣ ጉልበቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ባለቤቱ ቀስ በቀስ ስለሚለምደው አያስተውለውም።

ለዚህ ውጭ አገር በደቀቀ የዋልነት ቅርፊት በንፋስ ይጠርጉታል። ቅርፊቱ ካርቦኑን ያነሳል፣ ብረቱን አይጎዳም። እኛ ዘንድ በእጅ፣ በማጽጃ ፈሳሽና በብሩሽ መሥራት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ አደራ። የምታጸዱት ሲሊንደር ቫልቮች ተዘግተው መሆን አለባቸው። የተፈለጠው ካርቦን ወደ ውስጥ ከወደቀ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ኢንጀክተሩን በሁለት ቦታ ተከሉት፤ አንዱን በር ላይ፣ አንዱን ውስጥ። ቶዮታ ዲ-ፎር-ኤስ የሚለው ይሄንን ነው። እንደ እኔ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፤ ከሁለቱም ጥሩ ጥሩውን ወስዷል።

ሁለተኛው ከ300 ኤስኤል ጀምሮ ያለው ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የተረጨው ቤንዚን ከፊሉ ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያርፋል። በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) በኩል ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ረጅም መንገድ ሲሄድ ዘይቱ ስለሚሞቅ ቤንዚኑ ይተናል። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ትምህርት ቤት ብቻ የምትሄድ መኪና ግን ዕድሉን አታገኝም። የዘይት መለኪያ ዘንጉን ስታወጡ ዘይቱ ከጨመረ ወይም ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ቀናችሁን አትጠብቁ፣ ቀይሩ። ተርቦ ላለው ደግሞ የዘይቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው። በዝቅተኛ ዙር ላይ ከባድ ጉልበት ስትጠይቁት ድብልቁ ከካንዴላው ቀድሞ ሊነድ ይችላል። ይሄ ፒስተን ይሰብራል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው ኤፒአይ ኤስፒ የሚል ደረጃ ያለው ዘይት ይሄንንም ታስቦ የተሠራ ነው። ጣሳው ላይ አንብቡ።

ሦስተኛው የቤንዚኑ ንጽሕና ነው። የከፍተኛ ግፊት ፓምፑ የሚለሰልሰው በራሱ በቤንዚኑ ነው። በፒስተኑና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት በማይክሮን የሚለካ ነው። የአዳማን ንፋስና አቧራ እናውቀዋለን። ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድና በጀሪካን ገዝተን እንሞላለን። ዲኤክስ ያንን ትችላለች፣ ይሄ ሞተር አይችልም። ውሃና አቧራ የገባበት ቤንዚን ፓምፑን ይበላዋል።

ስለ ጥላሸት ባጭሩ ልበል። ቤንዚኑ ሳይተን ፒስተኑ ላይ ካረፈ ሲነድ በጣም ደቃቅ ጥላሸት ይሆናል። አውሮፓ በዚህ ምክንያት የደቃቅ ጥላሸቱን ቁጥር ወስና አዳዲሶቹ መኪኖች ማርሚታ ላይ ማጣሪያ እንዲገባ ሆኗል።

የለካሁት ቁጥር

አንድ ጊዜ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። አንድ ባለመኪና መጣ። ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ዳገቱ ላይ ጉልበት ያጣል፣ መብራት ያበራል። ከእኔ በፊት ሌላ ቦታ ካንዴላና ኮይል ቀይረውለታል። እኔ ኮምፒውተሩን አስነበብኩ። የሬይል ግፊት ዝቅተኛ ነው አለኝ። የከፍተኛ ግፊት ፓምፑ ሞቷል ብዬ ፈረድኩ። ሰውዬው ብር ተበድሮ ፓምፕ ገዛ። ገጠምኩት። ዳገቱ ላይ መልሶ ያው ሆነ።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ከሳልባትዮው የሚመጣውን ዝቅተኛ ግፊት በጌጅ ለካሁ። 5 ባር መሆን ሲገባው ጭነት ሲበዛበት ወደ 2 ይወርዳል። የታችኛው ፓምፕ ወንፊት በቆሻሻ ተደፍኗል። የላይኛው ፓምፕ ያልተሰጠውን ቤንዚን ከየት አምጥቶ ይጨምቅ? ወንፊቱንና የታችኛውን ፓምፕ ቀየርን፣ መኪናው ዳነ። የሰውዬው ገንዘብ ግን አልተመለሰም። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ሬይሉ ላይ ያለውን ሴንሰር አትርሱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን እዩ፦ ኮምፒውተሩ የጠየቀውን ግፊትና ያገኘውን ግፊት። 120 ጠይቆ 120 ካገኘ ፓምፑን ተዉት፣ ወደ ኢንጀክተር፣ ወደ አየር፣ ወደ ቫልቭ ሂዱ። 120 ጠይቆ 60 ካገኘ ደግሞ የላይኛውን ከመንካታችሁ በፊት የታችኛውን ለኩ።

ስለ ደኅንነትም ልናገር፣ ይሄን የምለው በጣም ከልቤ ነው። ሞተሩ ቢጠፋም ሬይሉ ውስጥ ግፊቱ ይቆያል። አምራቹ በሚያዘው መንገድ ግፊቱን ሳታወርዱ ቁልፍ አታሳርፉ። እንዲህ ባለ ግፊት የሚወጣ ቤንዚን ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ይመስላል፣ ብዙም አያምም ይሆናል። ውስጡ ግን ሥጋውን ይጎዳል። ጣት እስከማጣት ያደርሳል። እንዲህ ከደረሰባችሁ ነገ አያለሁ እንዳትሉ፣ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ፣ ቤንዚን በግፊት ገብቶብኛል ብላችሁ ንገሯቸው። ብዙ አምራቾች የተፈታን የከፍተኛ ግፊት ቱቦ መልሳችሁ አትግጠሙ፣ አዲስ አድርጉ ይላሉ። ኢንጀክተር በወጣ ቁጥርም አፉ ላይ ያለው የቴፍሎን ቀለበት ይቀየራል። ትንሽ ናት፣ አትዝለሏት።

ከአዳራሹ የተነሱ ጥያቄዎች

አንዲት ሹፌር እህታችን ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው ማጽጃ ቫልቩን ያጸዳ እንደሆነ ጠየቀች። አያጸዳም። ቤንዚኑ ቫልቩ ጋ አይደርስምና ማጽጃውም አይደርስም። ጥሩ ማጽጃ የኢንጀክተሩን አፍ ሊጠቅም ይችላል። ለቫልቩ ብሎ የሚሸጥላችሁን ግን አትመኑት።

ሌላው የእኔ መኪና የትኛው ዓይነት እንደሆነ እንዴት ልወቅ አለ። ከኋላ ያለውን ጽሑፍ እዩ። ጂዲአይ፣ ኤፍኤስአይ፣ ቲኤስአይ፣ ኢኮቡስት፣ ዲ-ፎር የሚሉ ከሆነ ቀጥታ ነው። ቪቪቲአይ ግን ስለ ቫልቭ ሰዓት የሚናገር ነው፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ጽሑፍ ከሌለ ኮፈኑን ክፈቱና ቴስታታው ጫፍ ላይ ፓምፕና ከእሱ የሚወጣ ወፍራም የብረት ቱቦ ፈልጉ።

አንድ ጋሽ፣ በሙያው ብዙ ዓመት የሠሩ፣ ኢንጀክተር ከባትሪ በሽቦ አገናኝተው ጠቅ ሲል እየሰሙ እንደሚፈትሹ ነገሩን። ጋሼ፣ በድሮው ላይ ይሄ ይሠራል። ይሄኛውን ግን ኮምፒውተሩ በ65 ቮልት ገደማ ለቅጽበት ይከፍተዋል፣ ከዚያ ቀንሶ ይይዘዋል። ባትሪ ላይ ካቆዩት ውስጡ ይቃጠላል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ገመድም በመብራት አይፈትኑት፣ የሚጎዳው ኮምፒውተሩ ነው።

የመጨረሻዋ ጠያቂ ተማሪ ነች። ስካነር ውድ ነው፣ እኛ በምን እንለካ አለች። ስልክሽ አለ አልኳት። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ማንበቢያ ሜርካቶ ይገኛል። ብዙ መኪና ላይ የሬይሉን ግፊት ያሳያል። ሁሉንም ነገር አይሠራም፣ ይሄን ቁጥር ግን ይሰጥሻል።

ከአዳራሹ ስንወጣ ከተሳታፊዎቹ አንዱ ባለ ቀጥታ ኢንጀክሽን መኪናውን በር ላይ አቁሞ ነበር። ኮፈኑን ከፈተልን። ማንበቢያውን ሰክተን ሞተሩን አስነሳን። ጠቅ ጠቅ የሚለውን ድምፅ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ሰማ። ሚኒሞ ላይ 50 ባር ገደማ። ነዳጅ ሲሰጠው ቁጥሩ ሽቅብ ሄደ፣ ሲለቀው ተመለሰ። ተማሪዋ ደብተሯን አውጥታ የመኪናውን ዓይነት፣ ኪሎሜትሩንና ሁለቱን ቁጥሮች ጻፈች። ከዚያ ባለመኪናውን የታችኛው ፓምፕ የት እንዳለ ጠየቀችው።